ቤቱ የኔ ነው

ገብረ ጻድቅ ከደብረ ብርሃን ዳር የነበረው የገብስ ማሳው ለካርቶን ፋብሪካ ሲወሰድ፣ በካሳው ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤቶች ሠራ። ዕድሜ ልኩን ሲያርስ የኖረ ሰው በስተርጅና አከራይ ሆነ። ተከራዮቹ ማሳው ላይ በቆመው ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች ነበሩ። ከሁሉም ከደነባ የመጣችውን በሰለችን ይወድ ነበር። ሚስቱ ማስተዋል አልጋ ከያዘች ወዲህ፣ ከሥራ ስትመለስ ልብስ የምታጥብላቸው እሷ ነበረች።

ባለፈው ክረምት የፋብሪካው መቁረጫ ማሽን የአንዲትን ሠራተኛ ጣቶች ቆረጠ። በሰለች ጓደኞቿን አስተባበረች፤ “መከለያ ካልተሠራለት አንነካውም” ብለው ሥራ አቆሙ። ማታ ማታ እሷ ክፍል እየተሰበሰቡ ይመክሩ ጀመር።

አንድ ቀን የፋብሪካው የአስተዳደር ኃላፊ ገብረ ጻድቅ ቤት መጣ።

“ጋሼ፣ ልጅዎ ራሔል ሥራ አመልክታ የለ? እናስብላታለን። እርስዎም ቤትዎን የአድመኛ መሰብሰቢያ አያድርጉት።”

ሰውየው እንደወጣ ገብረ ጻድቅ የበሰለችን በር አንኳኳ።

“ቤቱን ልቀቂልኝ። ዘመድ ሊመጣብኝ ነው።”

“ሰውየው ሲገባ አይቼዋለሁ፣ ጋሼ” አለች ቀስ ብላ። “መሬትዎን ሲወስዱብዎ ጎረቤት ሁሉ ዝም አለ ብለው ያዘኑት እርስዎ አይደሉም?”

“ቤቱ የኔ ነው!” ብሎ ጮኸባት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ፊቱ ሲግል ተሰማው፤ ግን አልመለሰውም።

በሰለች ፍራሿን ጠቅልላ ተሸክማ ወጣች። ማስተዋል ከአልጋዋ ሆና “ማነው የሚሄደው?” ስትለው፣ “በሰለች ናት፤ አገሯ ደርሳ ልትመጣ ነው” አላት።

ሠራተኞቹ ግን አልተበተኑም። ሌላ ሰፈር እየተሰበሰቡ ጸኑና ማሽኑ መከለያ ተሠራለት። ራሔልም ተቀጠረች፤ የመደቧትም እዚያው ማሽን ላይ ነው። የመጀመሪያ ቀን ውላ ስትመጣ፣ “አባባ፣ ሥራውን ያሳየችኝ በሰለች ናት” አለችው። የቀረበለትን እራት ወደ ጎን ገፋው።

በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ የሠራተኛ መውጫ ሰዓት ጠብቆ ፋብሪካው በር ላይ ቆመ። በሰለች ከጓደኞቿ መሃል ሆና አየችው። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችውና፣ “እማማ ማስተዋል ተሻላቸው?” አለችው።

“ደህና ናት” አለ መሬት መሬት እያየ። ጓደኞቿ ጠሯትና ሄደች፤ እሱም ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ በጓሮ መንገድ ወደ ቤቱ ተመለሰ።