ቅኔ ያልነበረው ዘፈን

የታላቅ እህቴ ጠላ ቤት ጉለሌ ውስጥ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ጣልያን ከተማውን ከያዘ በኋላም አልተዘጋም። ሰው ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይከርምና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ገብቶ ቀና ይል ነበር። ጠላው ጥሩ ሆኖ አይደለም። እህቴ ራሷ፣ "የኔን ጠላ ብሎ የሚመጣ ካለ ምላሱን ያመዋል ማለት ነው" ትል ነበር። ሰው የሚመጣው ለባልና ሚስቱ ነው።

ባልየው መሰንቆ ይመታል፣ ሚስትየዋ ትዘፍናለች። እሱ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሲጫወት ዓይኑን ከእሷ አፍ የማይነቅል ሰው ነው። እሷ ረጅም ቀጭን ሴት ነበረች፤ ከመጀመሯ በፊት አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ ታደርግና ትንሽ ትቆያለች። በዚያች ትንሽ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ዋንጫ የሚያነሳ ሰው አይኖርም። ያንን ዝምታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

እኔ ያኔ ያላገባሁ ልጃገረድ ነበርኩ። ጥጥ እፈትላለሁ፤ ፈትሌን የማስረክበው ከቤታችን ጀርባ ለሚኖሩት ሸማኔ ነው። ከጋሞ አገር የመጡ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ፈትል ይዤ ስሄድ ሁልጊዜ አንድ ጎረቤታችንን እዚያ አገኘዋለሁ፤ ኮርቻ ሠሪ ነው። ለትልቅነቱ ያኔ እርስዎ እለው ነበር። አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ አለኝ።

ሸማኔው እግራቸውን ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ እንዳደረጉ፣ ራሳቸው እሑድን እዚያው እንዳልዋሉ ሁሉ፣ "ትናንት እንዴት ነበረች?" ብለው ይጀምራሉ።

"ሁለተኛውን ስንኝ ያለ ትንፋሽ ነው የጨረሰችው። ልብ ብለዋል?" ይላል ኮርቻ ሠሪው።

"ኧረ ተንፍሳለች።"

"አልተነፈሰችም እላለሁ።"

"ይቺን ልጅ ጠይቃት።"

እኔም፣ "ተንፍሳለች። ባሏ ነው የሸፈነላት። ትንፋሽ ሲያጥራት ደጋኑን ጠበቅ ያደርገዋል" እላቸዋለሁ። ሸማኔው ይስቃሉ፣ ኮርቻ ሠሪው ይናደዳል፣ ሥራም ወሬም አብሮ ይሄዳል። እስከ ሐሙስ ያለፈውን እሑድ እናወራለን፤ ከዚያ ደግሞ የሚመጣውን። በዚያ ዘመን እርስ በርስ ሳንፈራ የምናወራው ነገር እሱ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ እሑድ ጥቁር ሸሚዝ የሚባሉት የጣልያን ወታደሮች በመንገዱ እየዘፈኑ ወደ ላይ አለፉ። ድምፃቸው ራቀ። ከዚያ እሷ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገችና እንዲህ አለች፦

ከሰል ሸሚዝ ለብሶ በደጄ የሚያልፈው፣
ያን ነጭ ነጠላዬን አየሁት ሲያጎድፈው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ሸማኔው ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ሳቁ። ባልየው ግን አልሳቀም፤ መሰንቆውን ወዲያው ወደ ሌላ ዘፈን አዞረው። እህቴም በሩን ገርበብ አደረገችው።

በማግስቱ ስንኙ ከኛ ቤት ወጥቶ ሄዷል። ኮርቻ ሠሪው ለደንበኞቹ ሁሉ ነገራቸው። ገበያ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ በቅሎ ሲያስጭን ለሚያገኘው ሁሉ። "እኔ እዚያ ነበርኩ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት" እያለ። ለክፋት አልነበረም፤ ለኩራት ነው። እሷን መስማቱን እንደ ሹመት ነበር የሚያየው። ሸማኔው፣ "ተው አንተ ሰው፣ አፍህን ያዝ" ሲሉት፣ "ጥሩ ነገር ተደብቆ ይቀራል እንዴ?" አላቸው።

በዚያው ሳምንት ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣልያን ፖሊሶች ከባንዳዎች ጋር መጡ። ጠራራ ፀሐይ ነው። ስንኙን ማን እንደገጠመው ጠየቁ። እሷ አፏን ስትከፍት ባልየው ቀደማትና፣ "እኔ ነኝ። እሷ የሰጠኋትን ነው የምትዘፍነው" አለ። ውሸቱን ነበር። አንዱ ባንዳ መሰንቆውን ከግድግዳ አውርዶ በጉልበቱ ሰበረው። የእህቴን ጋኖች በሙሉ በሰደፍ መቱ። ጠላው ከደጅ እስከ መንገዱ ፈሰሰ፤ እህቴ እዚያው ውስጥ ቆማ ጫማዋ እየራሰ ታያቸው ነበር። ባልየውን እጁን የፊጥኝ አስረው ይዘውት ሄዱ።

ሴትየዋ በየቀኑ ምግብ ቋጥራ ወደ እስር ቤቱ ትሄዳለች። ምግቡን ይቀበሏታል፣ ባዶ አገልግሏን ይመልሱላታል፣ እሱን ግን አያሳዩዋትም። በልቶት ይሁን እነሱ በልተውት የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። እንዲህ ስትመላለስ ከርማ አንድ ቀን እኛ ቤት መጣች።

"የጣልያኖቹ አስተርጓሚ አነጋገረኝ" አለች እህቴን። "በዓል አላቸው። ሜዳው ላይ ሕዝብ ይሰበሰባል። ውጪና ዝፈኚ፣ ባልሽ ይፈታል አለኝ። ስንኙን ራሱ ሰጠኝ። አንድም ቃል እንዳትለውጪ ብሎኛል።"

"ምን ይላል?" አለች እህቴ።

እሷም ያለ ዜማ፣ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው፣ አለችው፦

ጌታው ከባሕር ማዶ መንገድ ሠርቶ መጣልን፣
ጨለማው ሄደና ብርሃኑ ወጣልን።



"ምን ላድርግ?" አለች ሴትየዋ።

"እኔን ከጠየቅሽኝ ዝፈኚላቸው" አለች እህቴ። "ቃል ነው። ባልሽ ግን ሰው ነው።"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"የፈለገውን ይበል። ያ ሰው ለባልሽ እስር ቤት ስንቅ ሲያቀብል አይተሽዋል?"

በበዓሉ ቀን ባንዳዎች በየቤቱ እየዞሩ ሰውን እንደ ከብት ነድተው አወጡት። ሜዳው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ ለነሱ ወንበር አለ፣ ጥላ አለ፤ ከገመዱ ወዲህ እኛ ፀሐይ ላይ ቆመናል። ጥሩምባ የሚመስል ድምፅ ማጉያ እንጨት ላይ ሰቅለዋል። ሙዚቀኛ ጦራቸው በነሐስ መሣሪያዎች ተጫወተ። ጥሩ ነበር፤ መዋሸት አልችልም፣ በጣም ጥሩ ነበር። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ይመታኝ ነበር። ዛሬም ከሚያንገበግቡኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነው። እንደዚያ መጫወት የሚችሉ ሰዎች የአንድን ሰው መሰንቆ በባንዳ ጉልበት ማሰበራቸውን ልረዳው አልችልም።

ከዚያ እሷን አወጧት። ከሌላ ቦታ ያመጡት የማታውቀው መሰንቆ መቺ አጠገቧ ቆመ። እጇን ጆሮዋ ላይ አላደረገችም። ሁለቱ እጆቿ ወደ ታች ተንጠልጥለው ነበር። ያንኑ ስንኝ፣ አስተርጓሚው የሰጣትን፣ ቃል ሳትጨምር ቃል ሳትቀንስ ዘፈነችው። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራት መሰንቆ መቺው አላወቀላትም፤ ያጠራት ትንፋሽ በማጉያው ለሜዳው ሁሉ ተሰማ። ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ስትጨርስ አስተርጓሚው "አጨብጭቡ" አለን፣ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፣ ሸማኔውም፣ ኮርቻ ሠሪውም። ዱላ የያዘ ባንዳ ከኋላችን ቆሞ ነበር።

ባሏ አልተፈታም። አገልግሏን ይዛ ስትሄድ "እዚህ የለም፣ ተልኳል" አሏት። ወዴት እንደሆነ የሚነግራት አላገኘችም።

ሰኞ ጠዋት ሸማኔው ዘንድ ስሄድ ኮርቻ ሠሪው ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሸማኔው እንደ ወትሮው እንዴት ነበረች ብለው አልጠየቁም።

"ሸጠችን" አለ ኮርቻ ሠሪው። "ያን ሁሉ ዘመን ያዳመጥናት ለዚህ ነው? ከእንግዲህ ያችን ሴት ያስጠጋ ሰው ደጁን አልረግጥም።"

"ባሏን ፈልጋ እኮ ነው" አልኩት።

"ባሏ ቢሰማ ራሱ ያፍርባታል።"

"ባሏ የታሰረው በማን ወሬ ነው? ያንን ስንኝ ገበያ ያወጣው ማን ነው?"

ፊቱ ተለዋወጠ። ሸማኔው፣ "ልጄ፣ ተይ" አሉኝ። ተውኩ። እሱ ግን አልተወም። ስንኙን እንዳዳረሰው ሁሉ ይህንንም አዳረሰው። ወንዝ ወርደው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እሷ ስትመጣ ልብሳቸውን አንስተው ይሄዱ ጀመር። ድግስ የሚጠራት ጠፋ። አንዱ ተደብቆ ደጇ ላይ እበት ለጠፈባት። እነዚህ ሁሉ እሑድ እሑድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳመጧት ሰዎች ናቸው። የጣልያንን ክፋት አውቀዋለሁ፤ ጠላት ነው፣ ሊጎዳን ነው የመጣው። የእነዚህ ግን እስካሁን አልገባኝም።

እህቴ ቤቷ አስጠጋቻት። እኔ ፈትል አስተማርኳት። ጣቶቿ ለእንዝርት አልሆኑም፤ ፈትሏ አንዴ ይወፍራል አንዴ ይበጠሳል። ሸማኔው ግን ምንም ሳይናገሩ ይቀበሏት ነበር፤ የተበጣጠሰውን ራሳቸው ቁጭ ብለው ይቀጥሉታል። እስከ ነፃነት ድረስ አብራን ስትኖር አንድም ቀን ስታንጎራጉር አልሰማኋትም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ባልየው መጣ። ከበረሃ እስር ቤት ነው የመጣው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም። ደጋን መያዝ አይችልም። አንድ ቀን እሷ ወንዝ ስትወርድ እኔ እየፈተልኩ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ሜዳው ላይ የዘፈነች ቀን ነበርሽ?" አለኝ።

"ነበርኩ።"

"እንዴት ነበረች?"

ያየሁትን ነገርኩት። እጇን ጆሮዋ ላይ እንዳላደረገች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ እንደነበር፣ መሰንቆ መቺው ትንፋሿን እንዳልሸፈነላት።

"አስደገሟት?"

"ሁለት ጊዜ።"

"አየሽ፣ ብቻዋን ነው የዘፈነችው" አለና የማይታጠፈውን እጁን በግራ እጁ ያዘው። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

እህቴ ጋኖቿ ከተሰበሩ ወዲህ የተዘጋውን ጠላ ቤት እንደገና ስትከፍት የድሮ ሰዎች አንድ በአንድ ተመለሱ። ኮርቻ ሠሪውም ደጁን አልረግጥም ያለውን ረስቶ መጣ። አንድ እሑድ ከሽሮ ሜዳ በኩል የመጡ እንግዶች ተቀምጠው የዘመኑን ነገር ሲያወሩ እሱ ከመሀል ገባ።

"እኔ እዚያ ነበርኩ" አለ። "ከገመዱ አጠገብ። ጣልያኖቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው 'መንገድ ሠርቶ መጣልን' አለች። ለነሱ 'መጥቶልናል' ነው። ቅኔው የት ነው? 'መጣልን' ነው! መንገድ ሠርቶ መጣልን ነው የሚያተርፈው፣ ይወድቃል፣ ይጣላል ማለቷ ነው። ጀኔራሎቻቸው ሲያጨበጭቡ እኛ ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።"

እንግዶቹ ተደነቁ። ሴትየዋ ከባሏ ጋር ጥግ ተቀምጣ ነበር። ኮርቻ ሠሪው ወደ እሷ ዞሮ፣ "እውነቴን አይደለም? ንገሪያቸው እስቲ" አላት።

"ቅኔ አልነበረውም" አለች። "ስንኙን አስተርጓሚው ነው የሰጠኝ። ባሌ ይፈታል ብለውኝ ነው የዘፈንኩት።"

እሱ ሳቀ። "ትሕትናዋ ነው" አላቸው እንግዶቹን። "ጀግና ሠራሁ አይልም።"

እንግዶቹም ሳቁ፣ አንደኛው ጠላ አስቀድቶ ላከላት። ሴትየዋ ዋንጫውን አልነካችውም። ባሏን ክንዱን ይዛ አስነሳችውና ወጡ።

ያን ጊዜ እርስዎ ማለቱን ተውኩ። ከፊቱ ዋንጫውን አነሳሁና፣ "ተነስ፣ ከእህቴ ቤት ውጣ" አልኩት። "ወደድናት ስትሉ ባሏን አሳሰራችሁባት። ጠላናት ስትሉ ደጇን እበት ቀባችሁባት። አሁን ደግሞ የገዛ አፏን ቀምታችሁ ውሸታም አደረጋችኋት። አንድ ጊዜ እንኳ ያለችውን መስማት ምን ነበረበት?"

"ምን ሆነሻል? እያመሰገንኳት እኮ ነው" አለኝ። ከልቡ ገርሞት ነበር። እሱ ነው ደግሞ የባሰ ያቃጠለኝ። ወጣ፤ እንግዶቹም ተከትለውት ወጡ። እህቴ ጠላቸውን ወስዳ ጓሮ ደፋችው።

ባልና ሚስቱ ብዙም ሳይቆዩ ወደ እሷ ዘመዶች አገር ሄዱ። ሸማኔው ከራሳቸው እጅ የወጣ ጋቢ ሰጧቸው። ባልየው ቀድሞ እንደሞተ፣ እሷም እንደተከተለችው ቆይቶ ሰማን። ኮርቻ ሠሪው ግን ዕድሜ ጠገበ። የ'መጣልን'ን ቅኔ በየድግሱ እያወራ፣ በየወሬው ላይ አንዳንድ ነገር እየጨመረ ኖረ። በመጨረሻ በሱ አፍ ጀኔራሉ ከመድረክ ወርዶ እጇን ስሟት ነበር።

የሱ ለቅሶ ላይ ጎረቤት ነኝና ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች፣ "የዚያችን አዝማሪ ቅኔ የፈታው እሱ እኮ ነው" ይባባላሉ፤ አንዱ ወጣት ስንኙን በዜማ ይሞክረዋል። ተነስቼ ወጣሁ። ደጅ የቆመች አንዲት ጎረቤት፣ "ምነው ቶሎ ሄድሽ? ደከመሽ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ደከመኝ" አልኳት። አልደከመኝም ነበር።