ሁለት ክረምት በመጥረጊያ

ከምንኖርባት ከአፉላ ከተማ የተነሣሁት ተቆጥቼ ነው። ታናሽ ወንድሜ ታከለ ናታንያ ውስጥ የአሉሚኒየም መስኮት ከሚሠራ ብረት ቤት ሙያ ለመማር ከገባ ይህ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ሰሞኑን ለእናታችን ስልክ ደውሎ፣ ሥራውን ትቶ ቴል ሞንድ ብርቱካን ለቀማ ሊሄድ እንደሆነ ነገራት። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ለቀማው ሲያልቅ ምን እንደሚያበላቸው ግን አልተናገረም። እናቴ "ሂጅና በዓይንሽ አይተሽ ነይ" አለችኝ።

እስከ ሐዴራ አውቶቡሱ ደህና ሄደ። እዚያ ወርጄ ሌላ ስጠብቅ ዝናብ ደበደበኝ፤ የሁለተኛው ሾፌር ደግሞ እግሬን ሳላስገባ በሩን ሊዘጋብኝ ነበር። ወደ ናታንያ ስንቃረብ በግራም በቀኝም የብርቱካን እርሻው እየተነቀለ ፎቅ ይሠራል። ባዶ የመስኮት ቀዳዳዎቹን እያየሁ፣ ይህ ሁሉ ቤት መስኮት የሚገጥምለት ሰው ሲፈልግ ወንድሜ ለምን ብርቱካን ይለቅማል እያልሁ ተብሰለሰልሁ።

ናታንያ

ታከለ አውቶቡስ ጣቢያ ጠበቀኝ። በእግራችን እስከ መሀል ከተማው አደባባይ ሄደን ፈላፈል፣ በቂጣ የተጠቀለለ የሽምብራ ጥብስ፣ ገዛን። ከአፉላው ይወደዳል፣ ግን ትኩስ ነው፤ የባሕሩ ንፋስ ወረቀቱን ከእጃችን ሊነጥቅ ይታገላል። ምን ምን እንደተማረ ጠየቅሁት። ይጠርጋል፣ መስታወት ያወርዳል፣ ፍሬም ይሸከማል። ከእሱ በኋላ የገባው ሩሲያዊ ግን ይቆርጣል፣ ይበሳል፣ ይገጥማል።

"ለአለቃህ አልነገርኸውም?"

"ለመናሄል እንዴት ብዬ ልንገር፣ እታለም? አቮዳውን፣ ሥራውን፣ የሚያውቀው እሱ ነው።"

የተረፈኝን ፈላፈል በወረቀቱ ጠቀለልሁ። ተነሥና አሳየኝ አልሁት።

ብረት ቤቱ

ባለቤቱ ሽሙኤል የሚባል ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ስንገባ በስልክ እየጮኸ ነበር፤ ትእዛዝ ተከምሮበታል፣ ባለሙያ ግን የለም። ባለሙያ የለም! ሁለት ክረምት ከጀርባው የቆመው ሰው ታዲያ ምኑ ነው? ስልኩን እስኪዘጋ ጠብቄ፣ ወንድሜን የወሰድኸው ሙያ ልታስተምረው ነው ወይስ ጠራጊ አጥተህ ነው ብዬ ከኡልፓን፣ ከአዲስ ገቢዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ በቀሰምሁት ዕብራይስጥ ጠየቅሁት።

አልተቆጣም። ሩሲያዊው በገባ ማግስት መሰርሰሪያውን ሳያስፈቅድ አነሣ፣ ብጮህበትም መልሶ አነሣው አለኝ። ከዚያ ታከለን በአገጩ አመለከተ።

"ይሄ ግን እጁን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። ሙያውን ያልፈለገው መሰለኝ።"

ታከለ አሁንም መሬት መሬት ያያል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። አባታችን ጎንደር ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በእኛ አገር ለማጅ ወናፍ ይነፋል እንጂ መዶሻ አያነሣም፤ ባለሙያው በእጁ ዘርግቶ እስኪሰጠው ይጠብቃል። ታከለ ሁለት ክረምት ሙሉ የጠበቀው ይህን ነው።

ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲያውም ሁለት ሆነ። ሽማግሌዎቻችን "ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" እያሉ አሳደጉን፤ "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚለውን ለማን አስቀመጡት? ይህ ሰውየስ ላስተምር ብሎ ከተቀበለው፣ አንድ ቀን "ና፣ ሞክር" ቢለው ምን ይጎድልበታል? እሱም ባለሙያ አጣ፣ ወንድሜም ሙያ አጣ።

"በእኛ አገር የሚሰጠው አስተማሪው ነው" አልሁት። "በእጅህ ስጠው።"

ሽሙኤል ግራ ገብቶት እኔንም ታከለንም አየ። ከዚያ መሰርሰሪያውን አንሥቶ ዘረጋለት። ታከለ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለው። የመጀመሪያው ቀዳዳ ተንጋደደ፤ ፍሬሙ ተበላሸ። ሽሙኤል ጮኸ፣ ተሳደበ። ታከለ ደንግጦ መሰርሰሪያውን ሊመልስለት ቢዘረጋ ሰውየው አልተቀበለውም። ሌላ ፍሬም አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠና "እንደገና" አለው። እኔም ያኔ ቁጭ አልሁ።

ወደ ቤት

በመልሱ መንገድ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ የእኔ ንዴት ግን አላባራም። ሰው ላስተምር ብሎ የተቀበለ መሣሪያውን ያስጨብጥ፤ መጥረጊያ ብቻ ሰጥቶ ባለሙያ ጠፋ ማለት ነውር ነው። ታከለ የብርቱካኑን ነገር ትቶታል። የባከኑትን ሁለት ክረምቶች ግን ማንም አይመልስለትም፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ሊተወው ነው ወይስ ሊቆይ?"

"ይቆያል። ማበላሸት ጀምሯል" አልኋት።

አባቴ ስንት ማጭድ አበላሽቶ ቀጥቃጭ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። "ተመስገን" አለችና ወንበር ሳበችልኝ።