ከአጥራችን ሥር የተቆፈረው ቦይ

ልጅ ሳለሁ፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ከካምባ መጥተው አብረውን ይኖሩ የነበሩት አያቴ ኩራዙን አጠገባቸው አድርገው፣ ፍም ላይ በቆሎ እየጠበሱ ተረት ያወሩልን ነበር። ከሁሉም የማልረሳው የጅቡን ነው። ጅቡ በየማለዳው ከፍየሏ ደጅ እሾህ ይጠርጋል፤ ፍየሏም ትመርቀዋለች፤ እሱ ግን የሚጠርገው ሊበላት ሲመጣ እግሩን እንዳይወጋው ነበር። እዚህ ላይ ሲደርሱ ፍሙን ይቆሰቁሳሉ፤ ያኔ እኔ በሩ መዘጋቱን ዞር ብዬ አያለሁ።

በዚያው ሰሞን ከገረሴ ወርደው ከጎናችን ቤት የሠሩ፣ ብዙም የማያወሩ ጋሽ ዳና የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። አንድ ቅዳሜ ከቤታችን ጀርባ፣ ከአጥራችን ሥር ሲቆፍሩ እናቴ አየቻቸው።

«ጋሽ ዳና፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ጎርፍ እንዳይገባባችሁ ነው» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

እናቴ አላመነችም። አባቴ ሲገባ «ወሰን እየገፉ ነው። ዛሬ ቦይ ነው፣ ነገ ግንብ ይሆናል» አለችው። አባቴም ሰኞ ቀበሌ ሄዶ ሊከሳቸው ቆረጠ።

«ጅቡ ናቸው?» ብዬ አያቴን በጆሯቸው ጠየቅኳቸው።

«ገና አላወቅንም» አሉኝ።

እሑድ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። በየክረምቱ ጓዳችን ይገባ የነበረው ቀይ ጎርፍ ያን ቀን ቦዩን ይዞ በጋሽ ዳና ግቢ በኩል ወደ መንገዱ ወጣ። ቅጠሉ የሚበላውን የሀለኮ፣ የሺፈራው፣ ችግኞቻቸውን ግን ግማሹን ነቅሎ ወሰደባቸው። አባቴ እየዘነበበት ወጥቶ በአጥሩ ላይ አያቸው፤ የቀሩትን ችግኞች ሥራቸውን በጭቃ እየደገፉ ነበር።

«ምነው፣ በእርስዎ ግቢ እንደሚያልፍ ሳይነግሩን?» አላቸው።

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

አባቴ ሰኞ ቀበሌ አልሄደም፤ ጫኖ ከምትባለው መንደር ችግኝ ገዝቶ እሳቸው ግቢ ገባና አብሯቸው ሲተክል ዋለ።

ከዚያም በኋላ የልብ ወዳጆች አልሆኑም። እናቴም ወሰኑን በዓይኗ መለካት አልተወችም። እኔም ይኸው አድጌ፣ ጎረቤት ሳልጠይቀው አንድ ነገር ሲያደርግልኝ፣ ልቤ መጀመሪያ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ይላል። ጥርጣሬው አልለቀቀኝም። ክፉ ቃል ከአፌ ከማውጣቴ በፊት ግን፣ ጉዳቱ በማን በኩል እንደሚያልፍ ቆም ብዬ አያለሁ።