ያልበራውን መብራት ያየሁበት ምርመራ

የሟች ባሌ እህት፣ ኩራተኛ ናት እያለች ስሜን ስታነሳ ዓመታት ኖራለች። ነገሩ የጀመረው ከጥምቀት ስንመለስ ነው። በግራዬ ቆማ እጇን ዘርግታልኝ ኖሮ ዝም ብዬ አለፍኳት አሉ። ሽማግሌ ተላከብኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ ጭራሽ አላየኋትም። ግን «አላየሁሽም» ማለት ልመና መሰለኝና፣ «አይቼ ነው ያለፍኳት» አልኩ። ባልሠራሁት ጥፋት እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያማ አውቄ እዘጋት ጀመር።

ጉዴን ያወጣችው አህያ ናት። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ገብስ የጫነች አህያ በግራ በኩል መጥታ ጭቃ ውስጥ ጣለችኝ። ባለቤቷ «መንገድ፣ መንገድ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ለሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ያኔ ሞባይል ኮረብታ ላይ ተወጥቶ ነው የሚደወለው፤ ቢሆንም ወሬው ደብረ ብርሃን የምታስተምረው ልጄ ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። አዲስ አበባ ዓይን ሐኪም ጋ ወሰደችኝ።

አገጬን አስደግፈው፣ አንድ ዓይኔን ሸፍነው ቁልፍ አስያዙኝ። ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር መጫን ነው። ከገጠር መጣች እንዳይሉኝ እጄን ሳላሳርፍ ተጫንኩ። መርማሪዋ ወረቀቱን አየችና፣

«እማማ፣ ያልበራውንም አይተዋል» አለችኝ።

«ዓይኔ ፈጣን ነው።»

«ይሁን፤ አሁን ግን የበራውን ብቻ ይዩልኝ።»

በሁለተኛው ረጋ አልኩ። ብዙ ጊዜ ምንም ሳይታየኝ ሲቀር መብራት ሄዶ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልሄደም አለችኝ።

ቀጥለው የዓይኔን የውስጥ ጀርባ ፎቶ አነሱ። ሐኪሙ ሥዕሉን አሳየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የበግ ጠጉር ስፈትል ኖሬያለሁና ክር አውቃለሁ፤ በአንድ ወገን ያሉት ደም ስሮች ሰነፍ እንደፈተለችው ሳስተዋል።

«ግላኮማ ነው» አለ። «ነርቩ ተጎድቷል። ደም ስሮቹ ከሳሱበት ቦታ ጋር የሚገጥመው የግራ ጎን እይታዎም ሄዷል። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ግን ይህ ጠብታ ጠዋትና ማታ ሳይቋረጥ ከገባ ያቆየዋል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓመታት ሳይሆነው አይቀርም።»

ለዓይኔ ማዘን ሲገባኝ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ የባሌ እህት ናት።

ቤቴ ገብቼ ጠብታውን በራሴ እጅ ሞከርኩ። አፍንጫዬ ታከመ፣ ጆሮዬ ታከመ፣ ዓይኔ ደረቅ እንደሆነ ቀረ። ልጄ ሩቅ ናት፤ ቅርብ ያለው ደጅ የዚያች ሴት ብቻ ነው። ካልሄድኩ የቀረኝም ዓይን ይጠፋል። ይህን እያወቅሁ ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩበት።

በሦስተኛው ሄድኩ።

«ያን ጊዜ አላየሁሽም ነበር» አልኳት።

«ለሽማግሌ አይቻለሁ ብለሽ የለ?»

«ዋሽቼ ነው።»

ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ቀርባ «ምን ሆነሽ ነው?» አላለችኝምና። አሁንም አላለችም። ብልቃጡን ተቀብላ፣ «ቀና በይ» አለችኝ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጬ ላይ ወረደች።

«አውቀሽ ነው» አልኳት።

«አዎ» አለች። ሁለተኛዋ ገባች።