አጋድላ የቆመችው በርጩማ

ነገሩ የጀመረው ግንዱ ከእግሮቼ መሀል ባመለጠኝ ቀን ነው።

ነጂብ እባላለሁ። ጅማ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ በርጩማ ጠራቢ ነኝ፤ ሕመሙ ሲጀምረኝ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የእኛ በርጩማ መቀመጫውም ሦስት እግሩም ከአንድ የዋንዛ ግንድ ነው የሚወጣው። ምስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። መሬት ተቀምጠን ግንዱን በሁለት ውስጥ እግራችን ጨብጠን እንጠርባለን። ያን ቀን ጠዋት ግንዱ ተንሸራተተና መጥረቢያው ከቁርጭምጭሚቴ አጠገብ መሬቱን መታው። የእግር ጣቶቼ ጉንዳን የሚሄድባቸው ያህል ይነዝሩኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ተቅማጥ ይዞኝ ስለነበር የእሱ ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እናንተ አትተዉት።

በማግስቱ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ማንኪያ ከእጄ ወደቀ። በአራተኛው ቀን ስሰግድ ሱጁድ ወረድኩና መነሳት አልቻልኩም። ባለቤቴ ሰአዳ ጎረቤት ጠርታ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱኝ።

ሐኪሟ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገችው። እግሬ ንቅንቅ አላለም። ከጀርባዬ አከርካሪ ፈሳሽ ተወስዶ ተመረመረ።

"ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል" አለችኝ። "የሰውነትዎ መከላከያ የራስዎን ነርቮች እያጠቃ ነው። ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል።"

"የት ላይ ይቆማል?"

"እሱን አብረን እናያለን። አሁን በአንድ ትንፋሽ ይቁጠሩልኝ።"

ሠላሳ አንድ ደረስኩ። በማግስቱ ሃያ ሁለት። ከዚያ አሥራ ስምንት። ከዚያ አሥራ አራት። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡኝ። ቬንቲሌተር የሚባለውን የመተንፈሻ መሣሪያ አልጋዬ አጠገብ አቆሙት። እጄን ላነሳ ሞከርኩ። አልተነሳም። ሞትን ፈራሁ። ያለ እጅ መኖርን ግን የበለጠ ፈራሁ።

በማግስቱም አሥራ አራት። ከዚያ አሥራ አምስት።

"አንድ ጨመሩ!" አለች ሐኪሟ። በአንድ ቁጥር እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም። አልሐምዱሊላህ፣ ቬንቲሌተሩ ሳይነካኝ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሁለት ወር ተኝቼ ስወጣ ማንኪያ እይዝ ነበር፤ መሮ ግን አልይዝም። ሐኪሟ ነርቭ ቀስ ብሎ እንደሚያገግም፣ ከዓመት በላይ ሊፈጅ እንደሚችል፣ የማይመለስ ድካምም ሊኖር እንደሚችል ሳትደብቅ ነግራኛለች። ቤት በገባሁ በአራተኛው ወር፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ታላቅ ወንድሜ ሐጂ ሙክታር መጣ።

"አንተ ነጂብ፣ አላህ ነፍስህን መልሶልሃል፤ ይበቃሃል" አለኝ። "እጅ አንዴ ከሄደ ሄደ። መሣሪያውን ለሚሠራበት እንስጠው። ከኢድ በኋላ ሰው ይዤ እመጣለሁ።"

መሣሪያዎቹ የአባታችን ስለነበሩ ቃሉ ባዶ ዛቻ አልነበረም። በንዴት አለቀስኩ። ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ወንድሜ የተናገረው የራሴን ቃል መሆኑ ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ "እጅ ከአላህ ነው፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም" ስል ኖሬያለሁ። ከአንድ ግንድ በሚወጣ ዕቃ ላይ አንዲት የተሳሳተች ምት ሁሉን ታበላሻለች፤ የተቆረጠ እግር ተመልሶ አይቀጠልም። እኔ ታዲያ ሰውንም እንደ ግንዱ ቆጠርኩት። ልማር ብሎ ለመጣ ሁሉ ስንዝር የምታህል በርጩማ እንዲጠርብ እሰጠዋለሁ፤ ከሰበራት እሳት ውስጥ እጥላትና አሰናብተዋለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ ዘይነባ፣ ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት፣ ጅማ አጠገብ ካለችው የቡ መጥታ ሞከረች። ሦስተኛውን እግር ገነጠለችው። "እጅ የለሽም" አልኳት፤ በርጩማዋንም ሻይ የፈላበት እሳት ውስጥ ወረወርኩት። ዘመድ ናትና አላባረርኳትም። ብርጭቆ ወረቀት ሰጥቼ ማለስለስ ብቻ አሠራት ነበር። በሕመሜ ወራት ሱቁን ከፍታ የምትጠብቀው እሷ ነበረች።

ወንድሜ በሄደ በሦስተኛው ቀን "ዘይነባ፣ ስንዝር ግንድ አምጪልኝ" አልኳት።

ላብ በላብ ሆኜ ጠረብኩ። ሁለተኛው እግር ላይ መሮው ሳተና ተገነጠለ። "እሳት ውስጥ ክተቻት" አልኩ። አልከተተችም። ከሥሯ ቀኑን በእርሳስ ጻፈችባትና መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻት። ቅዳሜ የቡ ሄዳ እሑድ ስትመለስ አንድ ጆንያ ተሸክማ መጣች፤ ፊቴ ዘረገፈችው።

አሥራ ዘጠኝ ትንንሽ በርጩማዎች ነበሩ፤ ቀን ተጽፎባቸዋል። የመጀመሪያዋ አንድ እግር የላትም፤ ወገቧ ድረስ ከስላለች።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"እሳት ውስጥ የጣሏት ናት ኤሱማ።" ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። "ዞር ሲሉ አወጣኋት። የቡ በገባሁ ቁጥር የቡና ተክላችን መሀል ከሚወድቀው የዋንዛ ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ ቀጠልኩ።"

አራተኛዋ ሁለት እግር አላት። ዘጠነኛዋ ወፍራም እግር ይዛ ቆማለች። አሥራ ዘጠነኛዋን ማን እንደሠራት ባላውቅ ኖሮ የእኔ ሥራ ናት ብዬ እምል ነበር።

"ሱቁ ውስጥ የሸጥሻቸውስ?"

"የእርስዎ ካለቁ ቆይተዋል፤ የሸጥኩት የእኔን ነው። መልሶ ያመጣ ደንበኛ የለም።"

ተናደድኩ። ከዚያ አፈርኩ።

"ያኔ እጅ የለሽም ሲሉኝ ልክ ነበሩ፤ አልነበረኝም" አለች ጆንያውን እያጠፈች። "'ገና ነሽ' ቢሉኝ ግን ምን ነበረበት?"

በማግስቱ መማር ጀመርኩ፤ አስተማሪዬም እሷ ሆነች። ውስጥ እግሬ ዛሬም ደንዛዛ ስለሆነ ግንድ አይጨብጥም፤ እሷ ግን የቡ ሳለች ግንዱን ጨምድዶ በሚይዝ ሞርሳ ላይ አስራ መጥረብ ለምዳ ነበርና፣ ድሮ "ሞርሳ የሰነፍ መሣሪያ ነው" እያልኩ የምስቅበትን ብረት ከፊቴ አቁማ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሥራትን ከሀ ጀምራ አስተማረችኝ። ጠዋት ጠዋት ፊዚዮቴራፒስቱ እንዳዘዘኝ ሊጥ እጨምቃለሁ፣ ከሰዓት አንዲት እግር እጠርባለሁ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ አቆማለሁ፤ ነርቩን በግድ ማድከም እንደሚጎዳ ሐኪሟ አስጠንቅቃኛለችና። ዘይነባ አታባብለኝም። "ትከሻዎን አይጫኑበት ኤሱማ! ጀባዳ፣ በርቱ!" እያለች ትቆጣኛለች። ያበላሸኋት ሁሉ ቀን ተጽፎባት መስኮቱ ላይ ትሰለፋለች፤ ሐኪሟ ትንፋሼን የቆጠረችው በዚሁ መንገድ እንደነበር፣ ከጤነኛ ሰው ጋር ሳይሆን ከትናንቱ ነጂብ ጋር እንዳስተያየችኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ሰባተኛዋም ተሰበረች። ስምንተኛዋ ቆመች።

ኢድ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ሰውየውን አስከትሎ መጣ። ሰውየው ሰላምታ ሰጥቶ የመሣሪያውን ሳጥን ብድግ አደረገ። እኔ ስምንተኛዋን ወንድሜ ፊት መሬት ላይ አስቀመጥኳት።

አጎንብሶ አያት። "አጋድላለች" አለ።

"አዎ። ቆማለች ግን።"

"ይቺን ማን ይገዛሃል?"

"አልሸጣትም። መስኮቱ ላይ ያሉትን ሰባቱን እይ፣ ከዚያ እሷን እይ። እጄ ሄዷል የምትል ከሆነ ሳጥኑን ውሰድ።"

ወንድሜ ወደ መስኮቱ ሄደ። አንድ በአንድ እያነሳ ገለበጣቸው፤ ቀኖቹን አነበበ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሮ "ሳጥኑን መልሰው" አለው።

ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። በከዘራ ነው የምሄደው፤ ድሮ በሁለት ቀን የምጨርሰውን በርጩማ በአምስት ቀን እጨርሳለሁ፤ አዳዲስ ተማሪዎችን የምታሠለጥነው ዘይነባ ናት፣ ሱቃችን ውስጥም ከእንግዲህ የማንም ሥራ እሳት አይገባም። ትንፋሼን የቆጠረችልኝን ሐኪም፣ ያገላበጡኝን ነርሶች፣ በማንኪያ ያጎረሰችኝን ሰአዳን አላህ ይክፈላቸው። እናንተ ደግሞ እግራችሁ ሲነዝርና ሲደክም ቀን አትቁጠሩ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። ተርፋችሁ ስትወጡ "በቃህ" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። በወጉ አመስግናችሁ ሸኙትና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። የመጀመሪያውን ብልሹ ሥራችሁንም አትጣሉት፤ ምን ያህል እንደራቃችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ዘይነባን አፉ በዪኝ ብያታለሁ። ብላኛለች። ያቺን የከሰለች በርጩማ ስጪኝና ግድግዳዬ ላይ ልስቀላት ብላት ግን እምቢ አለችኝ።

"እሷን አልሰጥም ኤሱማ፤ እኔ የጀመርኩባት ናት" አለች። "እርስዎ የጀመሩባት መስኮቱ ላይ አለችልዎ።"