ማቅለያ የለኝም ያለ ሰው

ቢሮዬ ለልምምድ የመጣች ራሔል የምትባል የሕግ ተማሪ አለች። ጎበዝ ናት፤ ችኮላዋ ነው እንጂ። ባለፈው ሳምንት በሰው ግድያ የተቀጣ የአንድ ደንበኛችንን መዝገብ ሰጥቻት፣ ቅጣቱ ተመጣጣኝ ነው ወይ የሚለውን እንድታይ ነገርኳት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መለሰችልኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ የሚያስኬድ አይመስለኝም። የቅጣት ማቅለያ አለህ ወይ ሲባል ራሱ የለኝም ብሏል» አለችኝ።

በለስ እየበላሁ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር በራችን ላይ የምትሸጥ ልጅ አለች፤ እሾሁን አራግፋ ልጣጩን ገፋ ስትሰጠኝ ሐኪሜ ያለኝን ሁሉ እረሳለሁ። የያዝኩትን ዋጥኩና «ቁጭ በይ» አልኳት።

መቐለ ሳለሁ የሆነውን ነገርኳት። ያኔ እኔም እንደሷ ተማሪ ነበርኩ። ከደሴ መጥቼ፣ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ትግርኛን ከአከራዬና ከሻይ ቤት ለቃቅሜ፣ ለድሃ በነፃ ጥብቅና በሚቆም ቢሮ ውስጥ አገለግል ነበር። የወሎ ሰው ሲታሰር ይጠሩኛል፤ ያገሬ ሰው ነው ብሎ ምስጢሩን ይነግረዋል ብለው ነው። ሑሴን ግን ምንም አልነገረኝም።

ሑሴን በዓይናለም መንገድ ላይ ከመኪና ድንጋይ የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ነበር። አብሮት ኪሮስ የሚባል የመቐለ ልጅ ይሠራል፤ ከአንድ ሳሕን ሽሮ የሚበሉ ጓደኛሞች ናቸው። አንድ ቀን ሥራ ላይ አንተ ነህ ያረፍከው፣ አንተ ነህ ሲባባሉ ነገር ተነሣ። ኪሮስ እናቱን ሰደበበት፣ በጥፊም መታው። ሑሴን ገፋው። ኪሮስ ወደኋላ ሲወድቅ ጭንቅላቱን ጥርብ ድንጋይ አገኘው፤ በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ።

የሥር ፍርድ ቤቱ ሑሴን አስቦ እንዳልገደለ፣ ኪሮስ ስለተተናኮለው እንደሆነ ተቀብሏል። ነገር ግን ለእንዲህ ያለው ግድያ ሕጉ የሚፈቅደውን ጣሪያ፣ አምስት ዓመት ፈረደበት። ሲጠይቁት ማቅለያ የለኝም ያለ ሰው ምን ይቀለልለታል? እሱ ከታሰረ በኋላ ወሎ ላይ ሴት ልጅ ተወልዳለታለች። ፍርዱ ከጸና ልጁን የሚያያት ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል ነው። እስር ቤት ሄጄ እንዴት ዝም ትላለህ ብዬ ስቆጣው፣ «ያልኩትን ብያለሁ» ብሎ መሬት መሬት ያያል።

ይግባኙ የተሰማው በሐምሌ መጨረሻ፣ ፍርድ ቤቶች ለክረምቱ ሊዘጉ ሲሉ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ችሎቱ እርጥብ ጋቢና ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ፊተኛው አግዳሚ ላይ አደይ ለተብርሃን ተቀምጠዋል፤ የኪሮስ እናት ናቸው፤ አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ አንድም ቀን ሳይቀሩ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ነው የሚቀመጡት። አስተርጓሚው ስለቀረ እኔ ከሑሴን ጎን ቆሜያለሁ።

ሰብሳቢዋ ዳኛ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ደርባባ ሴት ነበሩ። መዝገቡን ገልጠው አዩና፣ «ማቅለያ የለኝም ያልከው በእርግጥ ስለሌለህ ነው? ወይስ ምክንያት አለህ?» ብለው ጠየቁት። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ዳኛ እስከዚያን ቀን አልነበረም።

ሑሴን አግዳሚውን በዓይኑ ገረፍ አደረገና አቀረቀረ። «ወላሂ፣ በምን አፌ?» አለኝ በቀስታ። «እናቱ ተቀምጠው እያዩኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ እኔ ጥሩ ሰው ነኝ ልበል?»

ይህንኑ ለዳኛዋ በትግርኛ መለስኩት። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ አደይ ለተብርሃን ተነሡ።

«ኣነ ክወጽእ፣ ንሱ ይዛረብ» አሉ። እኔ ልውጣ፣ እሱ ይናገር ማለታቸው ነው።

ዳኛዋ የመቀመጥ መብት እንዳላቸው፣ ማንም እንደማያስወጣቸው ነገሯቸው። አደይ እጅ ነሥተው፣ አግዳሚውን ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ። ሑሴን በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቀና አላለም።

ከዚያ ተናገረ። ኪሮስን በጀርባው አዝሎ አስፋልት ድረስ እንደሮጠ፣ መንገዱ መሀል ቆሞ መኪና እንዳስቆመ፣ ከሆስፒታሉ በር ሳይርቅ ለፖሊስ እጁን እንደሰጠ፣ ከዚያ በፊት ከማንም ጋር ተጣልቶ እንደማያውቅ። ዐቃቤ ሕጉ ሲጠየቅ፣ እጁን የሰጠው ራሱ መሆኑን አልካደም። በየመሀሉ «ወንድሜ ነበር» ይላል ሑሴን። እኔ እተረጉማለሁ፣ ዳኛዋ ይጽፋሉ።

ዳኞቹ ሊመካከሩ ሲነሡ ወደ ውጭ ወጣሁ። አደይ ለተብርሃን ጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸው በዝናብ ርሷል። የማጽናኛ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

«ተናገረ?» አሉኝ።

«አዎ አደይ፣ ተናገረ።»

«ጽቡቕ» አሉ። ጥሩ ነው እንደማለት ነው። ምን እንዳለ አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን ተከናንበው ተነሡ፤ ውሳኔውን እንኳ ሳይጠብቁ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቅጣቱ በግማሽ ተቀነሰ። ዳኛዋ ሲያነቡት፣ አፍሮ ዝም ያለ ሰው ማቅለያ እንደሌለው ሊቆጠር አይገባውም ነበር አሉ። ሑሴን ከእስር ሲወጣ ልጁ ገና በወጉ አትናገርም ነበር።

ራሔል እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እናትየዋ ይቅር ብለውት ነበር ማለት ነው?» አለች።

«አይመስለኝም የኔ ልጅ» አልኳት። ይቅር ብለውት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ልባቸው እንደቆሰለ፣ ይቅር ሳይሉት፣ የእሱ ቃል እንዲሰማለት ብለው ነው የወጡት። ስንት አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ፣ ስንት ስመ ጥር ዳኛ አይቻለሁ፤ እስከዛሬ ችሎት በገባሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ራሔል መዝገቡን ከጠረጴዛዬ ላይ መልሳ አነሣች። ነገ ጠዋት ማረሚያ ቤት ሄጄ አነጋግረዋለሁ አለችኝ።

«ሂጂ» አልኳት። «መጀመሪያ ግን፣ የለኝም ያለ ዕለት ፊት ለፊቱ ማን ተቀምጦ እንደነበር ጠይቂው።»