በሶ በሶ የሚሸተው ድርብ ብስኩት

ዛሬ ጠዋት ቤቱ በሶ በሶ ሸተተኝ። ወጥ ቤት ስገባ የልጄ ልጅ ምሕረት የስንዴ ዱቄት በመጥበሻ ትቆላለች።

«ምነው ልጄ፣ ብስኩት በተቆላ ዱቄት ይሠራል እንዴ?» አልኳት።

«ስፔኖች እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ዝም ብለሽ እዪ አያቴ» አለችኝ። (እዚህ ሆላንድ ተወልዳ «አንቺ» ነው የምትለኝ። የስንት ዓመት የሰዋስው መምህርነቴ ቤቴ ድረስ አልዘለቀም።)

ስኬቨኒንገን በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ለሥራ ያመለከተችበት ኬክ ቤት የባልና ሚስት ነው፤ እሱ ጀርመናዊ፣ እሷ ስፔናዊት። «የሁለታችንንም አገር የያዘ ብስኩት ዛሬ አምጪ፤ ከወደድነው እንቀጥርሻለን» ብለዋታል።

የጀርመኖቹ ብስኩት ማርማላታ በመሃሉ ተቀብቶ ይደረባል። የስፔኖቹ ደግሞ ዱቄቱ ስለሚቆላ አፍ ውስጥ ብን ይላል። ችግሩ፣ ብን የሚለው ሲደርቡት ይፈርሳል።

የመጀመሪያው ፈረሰ። ሁለተኛውም ፈረሰ። ምሕረት ግን አልተናደደችም፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትታ፣ ከዱቄቱ ግማሹን ሳትቆላ ጨመረች።

አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ማየት! እኔም በዓረፍተ ነገር ላይ እንዲህ እንዲያደርግ ስንቱን ተማሪ ለምኛለሁ።

ሦስተኛው ተደረበ፤ አልፈረሰም።

አሁን ደወለች። «አያቴ፣ ሴትዮዋ አንዱን ቀምሳ ጨረሰች። ከዚያ የባሏን ቀምታ በላችበት! ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ።»

እኔም የፈረሱትን በማንኪያ እየበላሁ ነው የምጽፈው። ፍርፋሪውም በሶ በሶ ይላል።

እናንተስ፣ የሰው አገር ምግብ የቤታችሁን ሽታ ይዞላችሁ የመጣው መቼ ነው?